ከመስከረም እስከ መስከረም፦ የቤተሰብ ዓመታዊ ቁጠባ ሲዳሰስ

የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት 12 ጊዜ ደመወዝ ይቀበላል፤ ዓመቱ ግን 13 ወር አለው። የነሐሴ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የመስከረሙ እስኪደርስ 35 ቀን ገደማ ይጠበቃል። በእነዚህ 35 ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ምዝገባና ደብተር አለ፣ መስቀል አለ። በየቤቱ የዓመት ቁጠባ የሚታቀደውም በዚሁ ሰሞን ነው። አደይ ፈንድቶ፣ ቡና ቀርቦ፣ ባልና ሚስት «ዘንድሮ እንኳ 100,000 ብር እናስቀምጣለን» ይባባላሉ። እቅዱ የሚወለደው ኪስ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ በሳሳበት ሰዓት ነው፤ ስንቱም ኅዳር ሳይጠባ ይረሳል።

እንዲህ ያለ ትልቅ የቁጠባ ግብ ስል ከደመወዝ የተራረፈውን ማጠራቀም ማለቴ አይደለም። እንበልና የአንድ ባልና ሚስት የተጣራ ገቢ ተደምሮ በወር 24,000 ብር ይሁን፤ በዓመት 288,000 ብር ነው። ከዚህ 100,000 ብር ማስቀረት ማለት በየወሩ 8,333 ብር፣ ከገቢያቸው ከሲሶው በላይ፣ ሳይነኩ ማሳለፍ ነው። ኪራይ ለሚከፍል፣ ልጅ ለሚያስተምር ቤት ይህ ከባድ ነው። ገቢያቸው ከዕለት ጉርስ የማያልፍ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ እነሱን «ቆጥቡ» ብሎ መምከር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። የምናገረው ትንሽም ብትሆን ትርፍ ኖራው ያቺ ትርፍ የት እንደገባች ሳያውቅ ዓመቱ ስለሚያልቅበት ቤት ነው።

ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ሰውየውን ይወቅሳል፤ አባካኝ ነህ፣ ሥነ ሥርዓት የለህም ይለዋል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። እቅዱን የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ለሰው ያለብን ግዴታ ነው፤ ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የታመመ ወንድም፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የእህት ልጅ። እነዚህ ድንገተኛ አይደሉም። በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በእቅዱ ውስጥ ግን አንድም መስመር አልተጻፈላቸውም። ስለዚህ ነው የዓመት ቁጠባን ከስሌቱ ይልቅ በሰዎች መካከል እንዳለ ስምምነት ማየት የመረጥኩት።

ከቀን መቁጠሪያው ልጀምር። 100,000ን ለ12 ማካፈል የመጀመሪያው ስህተት ይመስለኛል፤ የእኛ ዓመት በእኩል የሚካፈል አይደለም። መስከረም ያራቁታል። ጥቅምትና ኅዳር ከበዓል ትንሽ ዕረፍት የሚሰጡ ናቸው፤ መጀመር ያለበት ቁጠባ ሁሉ እዚያ ይጀመር። ከዚያ ገና ይመጣል፣ ጥምቀት ይከተላል፤ ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ የጥሪ ካርዱ ከደመወዙ ቀድሞ ይደርሳል። የክርስቲያኑ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ይተነፍሳል። 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይገዛም፤ ሠርግም አይደገስም። ይህን ጊዜ ልብ ብሎ የማይጠቀምበት ቤት ሁዳዴ የተረፈውን በፋሲካ ዋዜማ አንድ ቀን ገበያ ላይ ያፈሰዋል። ረመዳን ለሚጾመው ቤት ነገሩ ይገለበጣል፤ የማፍጠሪያው ማዕድ ስለሚሰፋ፣ ዘካውም ስላለ፣ ወሩ የወጪ ወር ነው። በዚያ ላይ በዓላቱ የሚውሉት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ፤ የአምናው እቅድ ለዘንድሮ በቀጥታ አይገለበጥም። ግንቦትና ሰኔ እንደገና ጸጥ ይላሉ። ክረምቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ሌላ ትንፋሽ ይሰጣል፤ ወዲያው ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ ከተፍ ይላል። እንግዲህ 8,333 ብርን በመስከረም ከራስ መጠበቅ ራስን ለሽንፈት ማዘጋጀት ነው። በመስከረምና በጥር ከ2,000 ብር ያልበለጠ፣ በጥቅምት፣ በኅዳር፣ በመጋቢት፣ በግንቦት ከ12,000 በላይ የሚል እቅድ ያልተስተካከለ ይመስላል። ከቤቱ ኑሮ ጋር የሚገጥመው ግን እሱ ነው።

የዓመት ግብ እንዴት እንደሚጠበቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጉራጌ አገር ይመልከት። የመስቀል ዝግጅት እዚያ የአንድ ሳምንት ግርግር አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የቁጠባ ሥራ ነው። ወንዱ ለበሬው ያጠራቅማል፤ ብቻውን የማይችለው ከጎረቤት ጋር ተቧድኖ በቅርጫ ይገባል። ሴቲቱ ለቅቤው፣ ለቆጮው፣ ለቅመሙ በራሷ መንገድ ታጠራቅማለች። ሴቶች ወተታቸውን ወይም ቅቤያቸውን እያዋጡ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ውጆ ይባላል፤ እቁብ ነው፣ ገንዘቡ ቅቤ የሆነ እቁብ። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ተበትኖ የሚነግደው ልጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ባዶ እጁን መግባት ስለማይሆንለት ዓመቱን የሚያስበው ያንን ቀን ነው።

እዚህ ውስጥ አራት ነገር ተጋጥሞ ይታየኛል። ቀኑ አይገፋም፤ መስከረም 17 መስከረም 17 ነው። ዓላማው በዓይን ይታያል፤ በሬ ነው፣ ቅቤ ነው። ሥራው በባልና በሚስት መካከል ተከፍሏል፤ አንዱ የሌላውን ቋት አይነካም። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በመካከል ገንዘብ ሲጠየቅ «የመስቀል ነው» ማለት ይቻላል፣ ጠያቂውም አይቀየምም። ከተማ ውስጥ በጓዳ ተደብቆ የሚቆጠበው 100,000 ብር ከአራቱ አንዱንም ሳያሟላ ነው የሚሞተው። ቀኑ «በዓመቱ መጨረሻ» ነው፤ ዓላማው «ለሚያስፈልገን» ነው፤ ማን ምን እንደሚያዋጣ አልተነገረም፤ ለሰው እምቢ የሚባልበት ስም የለውም።

ይህ የስም ጉዳይ ቀላል እንዳይመስል። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ ገጠር ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ለአንዳንዶቹ ቆጣቢዎች ቁልፉ በራሳቸው እጅ የሚሆን ተራ የብረት ሳጥን ሰጡ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ቁልፉ በፕሮግራሙ ሠራተኛ እጅ የሚቀመጥ ሳጥን። ገንዘቡ ለጤና መከላከያ ነገር መግዣ፣ ለምሳሌ ለአጎበር፣ የታሰበ ነበር። ሰው የሚጠብቀው ጥብቁ ሳጥን እንዲያሸንፍ ነው። ያሸነፈው ግን ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ያለው ተራ ሳጥን ነው፤ ለተባለው ዓላማ የሚወጣው ገንዘብ ከ66 እስከ 75 በመቶ ጨመረ። ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ስም ያገኛል፤ ስም ያለው ገንዘብ ደግሞ ለራስም ለጠያቂም እምቢ ለማለት ያመቻል። ጥብቁ ሳጥን የተሸነፈው ሰዎች ለድንገተኛ ችግር ሊደርሱበት የማይችሉትን ገንዘብ ማስገባት ስለፈሩ ነበር። እናቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ የኪራዩን በአንድ ቋጠሮ፣ የወፍጮውን በሌላ ቋጠሮ ያሠሩ የነበረው ይህንኑ አውቀው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መቆለፍ የሚጠቅመው ሰው አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ግሪን ባንክ ኦፍ ካራጋ የተባለ ባንክ ከናቫ አሽራፍ፣ ከዲን ካርላንና ከዌስሊ ዪን ጋር ሆኖ ለ710 ደንበኞቹ አንድ ሒሳብ አቀረበ። ደንበኛው ራሱ ቀን ወይም የገንዘብ መጠን ይመርጣል፤ እሱ ሳይደርስ ገንዘቡ አይወጣም። ወለዱ ከተራው ሒሳብ አንድ ሳንቲም አይበልጥም። ራስን ከማሰር በቀር ጥቅም የሌለውን ይህን ሒሳብ 202 ሰዎች ወደው ከፈቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሒሳቡ የቀረበለት ቡድን ቁጠባ ካልቀረበለት ቡድን ጋር ሲነጻጸር በ81 በመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚጋጩ አይመስሉኝም። ከገንዘቡ ከፊሉ ይታሰር፤ ከፊሉ ደግሞ ስም ይዞ እጅ አጠገብ ይቀመጥ። ሁሉን የሚያስር ቤተሰብ የመጀመሪያው ሕመም ሲመጣ ይበደራል፤ ምንም የማያስር ደግሞ የመጀመሪያው ሠርግ ሲመጣ ይጨርሰዋል።

ወደ እቁብ እንምጣ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ደጀኔ አረዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እቁብን፣ እድርንና የቁጠባና ብድር ማኅበራትን አብረው መርምረዋል፤ ከባንክ ውጭ የሚንቀሳቀሰውን ገንዘብ በቁም ነገር እንድናየው ካደረጉ ሥራዎች አንዱ ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ እጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ወለድ ስለሌለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለ ሥጋት ይገባበታል። እቁብ መጣል እንደ ዕዳ ነው የሚታየው፤ የባንክ ደብተር ግን ገንዘብ ባታስገባ አይገስጽህም። እቁብተኛ ሳምንቱን ሳይጥል ቢቀር በሰፈር የሚገጥመው ፊት አለ፤ ያንን ፊት ለመሸሽ የሚደረገው ጥረት ከራስ ጋር ከተደረገ ማናቸውም ቃል ይበረታል።

ችግሩ እቁብ የሁሉንም አባል ዓመት እኩል አለማስተናገዱ ነው። 12 ሰዎች በወር 8,000 ብር ይጣሉ እንበል፤ እጣው 96,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ያለ ወለድ ብድር አገኘ። በ12ኛው ወር የሚወጣለት ደግሞ ለሌሎቹ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሞ ነው። ዋጋ በዓመት 25 በመቶ በሚጨምርበት ጊዜ የመጨረሻው ሰው የሚረከበው 96,000 ብር በዓመቱ መጀመሪያ ዋጋ ሲተመን 76,800 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ እጣ መሸጥና መግዛት ተለምዷል፤ የቸኮለው ቀድሞ ይወስዳል፣ የጠበቀው ትንሽ ካሳ ያገኛል። ለትልቅ የዓመት ግብ እቁብ የሚገባ ቤተሰብ ከመግባቱ በፊት ይህን ከዳኛው ጋር ቢነጋገርበት እመክራለሁ። የትምህርት ቤት ክፍያ ለነሐሴ የሚፈልግ ቤት ጥቅምት ላይ ቢወጣለት ገንዘቡ እስከ ነሐሴ በእጁ አይቆይም፤ የእቁቡ ጥቅም ሁሉ ያኔ ይፈርሳል። ለእንዲህ ያለው ቤት ተራውን ወደ መጨረሻ ማስተላለፍ ጉዳት ቢኖረውም ይሻለዋል።

ባንክስ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ሲያደርግ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድንም ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጓል። በወር 8,000 ብር ለ12 ወር ቢቀመጥ በ7 በመቶ የሚገኘው ወለድ ከ4,000 ብር አይዘልም፤ ከሱም ግብር ይነሳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለመኪና፣ ለማሽን፣ ለሕክምና ሲቆጥቡ የነበሩ ቤተሰቦች አንድ ብር ሳያወጡ ግባቸው ራቀባቸው። ይህን በምክር ማለፍ አይቻልም፤ ሐቀኛ ቆጣቢን የሚቀጣ ሁኔታ ነበር፤ የሰዎቹ ምሬት ትክክል ነው።

እንዲያም ሆኖ ባንክን የተዉ ሰዎች የተሻለ ነገር አላገኙም። ከፍራሽ ሥር ያለ ገንዘብ 7 በመቶዋንም አያገኝም። ባንክ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ወለዱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር «ሳንዱቅ» የሚባል የቁጠባ አገልግሎት በስልክ መጥቷል፤ 50 ብርም ሆነ 100 ብር ወዲያው ማስገባት ያስችላል። ለቀን ሠራተኛና ለጉልት ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረፋ የለ፣ መንገድ የለ። ስልክ ያቀረበውን ግን ስልክ ያወጣዋል። ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚወጣ ገንዘብ ርቀት የለውም።

ከሁሉ የምወደው ገንዘቡ እጅ ሳይገባ የሚቆረጥበትን መንገድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማኅበር ከደመወዝ ላይ ቀድሞ ይቆርጣል፤ አባሉ ባጠራቀመው ልክ ተባዝቶ ብድር ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዛቸውን በ12 ወር እየተቆረጠ ቦንድ ገዝተውበታል። ከየወሩ ከ8 በመቶ የሚበልጥ ነው፤ አብዛኛው ቤት በቀረው ኖረ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ቆረጣ ሲያበቃ ግን ስንቱ ቤት ያንኑ 8 በመቶ ለራሱ ማስቆረጡን ቀጠለ? ሪቻርድ ታለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ አሜሪካ ውስጥ የሞከሩት ይህን የሚመስል ነው፤ ሠራተኞች ዛሬ ሳይሆን ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላቸው ከጭማሪው ላይ እንዲቆረጥ አስቀድመው እንዲፈርሙ አደረጉ። ቁጠባቸው በ40 ወር ውስጥ ከ3.5 ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር ለዚህ ዓይነት ውሳኔ በር ተከፍቶ ነበር። በእርግጥ ጭማሪውን የወሰደው የገበያው ዋጋ ነው የሚል ብዙ ነው፤ አልከራከርም። ቢሆንም ከጭማሪው አሥረኛዋን እንኳ ቀድሞ ያስቆረጠ ሰው ለኅሊናው ዕረፍት አግኝቷል።

ገንዘብ ሁሉ ገንዘብ ሆኖ መቆየት የለበትም። ዋጋ በሚንርበት አገር የጥንቱ ዘዴ፣ የዓመት እህል መግዛት፣ ከቁጠባ ሊቆጠር ይገባዋል። ጤፍ ከመኸር በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ከክረምቱ ዋጋ ይረክሳል፤ በርበሬም እንዲሁ ወቅት አለው። ለዓመት የሚበቃ ጤፍ በጥር የሚያስገባ ቤት በሐምሌና በነሐሴ የሚያተርፈውን ልዩነት የትኛውም የባንክ ወለድ አይሰጠውም። ነቀዝ የማያገኘው ቦታ ያስፈልጋል፤ ኪራይ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው ይህን ማድረግ ያዳግተዋል። ቤት ለመሥራት የሚያጠራቅመውም ብሩን ወደ ብረትና ወደ ብሎኬት ይቀይራል። ሲሚንቶ ግን አይከማችም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። ወርቅ እናቶች የሚያምኑት ነው፤ ማጣት እንጂ መክሰር የለውም ይላሉ። እኔም ሳስበው ጣት ላይ ያለ ወርቅ የሚሸጠው በቤተሰብ ጉባኤ ነው፤ ከባንክ የሚወጣ ብር ግን አንድ ሰው ብቻውን ያወጣዋል።

ስለ ትልቅ ግብ ሲነሳ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም አለማንሳት አይቻልም። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የፊተኛው ቁጥር ቤተሰቡ ራሱ የሚቆጥበው፣ የኋለኛው ባንክ የሚያበድረው ነው። በ20/80 ባለ አንድ መኝታ ለተመዘገበ ወርሃዊው ቁጠባ 274 ብር፣ ለባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ነበር። ይህ ቁጠባ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው እውነተኛ የቁጠባ ትምህርት ቤት ሆኗል። ባልና ሚስት በየወሩ በንግድ ባንክ ሰልፍ ቆመው ያስገቡ ነበር፤ ልጅ ሲታመም እንኳ የኮንዶሚኒየሙ አይነካም። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው ሕዝብ ቁጠባ አያውቅም ሲባል ስሰማ ይከፋኛል። የቤቱ እጣ ሳይወጣላቸው 10 ዓመት አልፏቸው አሁንም የሚጠብቁ አሉ። ቀኑ የማይታወቅ ግብ ከመስቀሉ በሬ ጋር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የቆጣቢው ድርሻ ሲፈጸም ሌላው ድርሻ ካልመጣ ልጆቹ የሚማሩት ስለ ቁጠባ ሌላ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጓዳው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልም ሚስትም በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው። በተግባር ግን በስንት ቤት ሚስት የባሏን ደመወዝ ልክ አታውቅም፤ ባልም የሚስቱን እቁብ አያውቅም። ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላንድ በናይሮቢ ኪቤራ ያጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ሥራ፣ ሴቶች እቁብ መሰል ማኅበር የሚገቡት በከፊል ገንዘቡን ከባሎቻቸው እጅ ለማራቅ እንደሆነ ያሳያል። የእኛም እናቶች ድብቅ እቁብ ብዙ ልጅ አስተምሯል፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከገቢ ሲሶውን የሚጠይቅ ግብ በአንድ ሰው ምሥጢር አይደረስም። የሚቀነሰው ሥጋ የሁሉም ሰሃን ላይ ነው፤ የሚቀረው አዲስ ልብስ የልጆቹ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ለምን ዘንድሮ ጫማ እንዳልተገዛለት ካወቀ ራሱ ጠባቂ ይሆናል፤ ካላወቀ የሚያድረው ቅያሜ ነው። በየወሩ መጨረሻ ደብተሩ ተከፍቶ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ቤት ከሁሉም ይልቅ ያስቀናኛል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም እቁቡን ይዘው ሄደዋል። ዋሽንግተንና አካባቢው እቁብ አለ፤ እስራኤል ውስጥም የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ሴቶች እቁብ አላቸው፤ ገንዘቡ እንደሚሰበሰብ ሁሉ ሴቶቹም ይሰበሰባሉ። የሚያሳስበኝ ግን በሪያድ፣ በቤሩት፣ በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶች ጉዳይ ነው። ለሁለት ዓመት ውል የሄደች ልጅ ደመወዟን በየወሩ ለአባቷ ወይም ለወንድሟ ትልካለች፤ «አስቀምጡልኝ፣ ስመለስ ሱቅ እከፍታለሁ» ትላለች። ስትመለስ ገንዘቡ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሌብነት አይደለም፤ ለአባት ሕክምና፣ ለታናሽ ወንድም ትምህርት፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ ነው የወጣው። እያንዳንዱ ወጪ ተገቢ ነበር፤ ልጅቷ ግን ባዶ እጇን ነች። ሁለቱን ዓይነት ገንዘብ አንድ ላይ መላክ ነው ስህተቱ። «ይሄ የእናንተ ነው፣ ይሄ ግን የእኔ ሱቅ ነው» ተብሎ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሌላ ሒሳብ ቢከፈት፣ የሚላከውም በሁለት ቢከፈል፣ እናት ለጎረቤት «የሱቋን አንነካም» የምትልበት አፍ ታገኛለች። በየሠፈሩ፣ በየቀበሌው ለውጭ ሥራ የሚሄዱ ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት ይህ ቢነገራቸው የሚድነው የዓመት ሳይሆን የወጣትነት ልፋት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ ግዴታን በእቅድ ውስጥ መጻፍ፣ ለእኔ ከዳሰሳው ሁሉ ፍሬው ነው። እድር ራሱ ይህን ያስተምረናል። ሞት መቼ እንደሚመጣ ባይታወቅም እንደሚመጣ ስለሚታወቅ በየወሩ ይከፈልለታል። ያንኑ ብልሃት ወደ ቤት ማምጣት ይቻላል፤ በወር 1,000 ብርም ሆነ 1,500 «የሰው» ተብሎ በሌላ ኪስ ይቀመጥ። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለገጠር ዘመድ ከዚያ ይወጣል። ሲያልቅ «የዚህ ወር አለቀ፣ የሚመጣው ወር ልድረስልህ» ማለት ይቻላል። 100,000 ያሰበ ቤት ይህን ሲያደርግ ግቡ ወደ 85,000 ብር ይወርድ ይሆናል። ይውረድ። ዘመድ የሚሸሽ ቆጣቢ ሆኖ 100,000 ከመያዝ ይሻላል፤ ደግሞም ዘመድ የሸሸው ቤት የታመመ ዕለት የሚጠይቀው አጥቶ ያንኑ ገንዘብ ያወጣዋል።

ጳጉሜ ላይ ደብተሩ ሲከፈት ቁጥሩ 100,000 ላይሆን ይችላል። 63,000 ይሆን ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሰዓት አዝኖ ደብተሩን ይዘጋና የቀረውን ለእንቁጣጣሽ ይበትነዋል። በ63,000 ብር የልጆች ምዝገባ ያለ ብድር ተከፍሏል፤ ያ 35 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭንቀት ያልፋል። የጎደለው 37,000 ብር የት እንደሄደ ግን መስመር በመስመር መነበብ አለበት። የአጎት ልቅሶና ተዝካር፣ የልጅ የሆስፒታል፣ የፍሪጅ ጥገና፣ የሁለት ሠርግ ስጦታ። ባል ያነባል፣ ሚስት ትጽፋለች፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የሚቀጥለው ዓመት ገጽ ሲጀመር ከላይ የሚሰፍረው የግቡ ቁጥር ሳይሆን ይኸው ዝርዝር ነው።